ትራኮማ፦ መድኃኒት የሚገድለው፣ መንገዱ ግን የሚመልሰው ተሕዋስ

ጎጂ ጥቃቅን ተሕዋስያን ሰውን የሚይዙት በዘፈቀደ አይደለም። እያንዳንዱ ተሕዋስ የሚኖርበት አካል፣ ከዚያ አካል የሚወጣበት ቀዳዳ፣ የሚጓዝበት መንገድና ወደ ሌላው ሰው የሚገባበት በር አለው። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ከታማሚው ሳንባ በሳል ይወጣና መስኮቱ በተዘጋ ቤት አየር ላይ ተንሳፍፎ በሌላው ሰው ትንፋሽ ይገባል። የኮሌራ ባክቴሪያ በተቅማጥ ከአንጀት ወጥቶ በተበከለ ውኃና ምግብ ወደ አፍ ይመለሳል። የወባ ተሕዋስ ደግሞ የሚጓዘው በትንኝ ነው። ስለዚህ «ንጽሕናችሁን ጠብቁ» የሚለው ጥቅል ምክር እውነት ቢሆንም ብዙ ጊዜ ፍሬ አያፈራም፤ የትኛው ንጽሕና፣ መቼ፣ የትኛውን መንገድ ለመዝጋት እንደሚያስፈልግ ካልተነገረ ሰሚው የሚጨብጠው ነገር አያገኝምና።

በዚህ ጽሑፍ አንድ ተሕዋስ ብቻ ይዤ ከመነሻው እስከ መድረሻው ልከተለው እፈልጋለሁ። የመረጥሁት የትራኮማን፣ ማለትም የዓይን ማዝን፣ ባክቴሪያ ነው፤ ያደግሁት በምሥራቅ ጎጃም ገጠር በመሆኑ የዓይን ማዝ ያላየሁበት ቤት አልነበረም ማለት እችላለሁ። ምርጫዬ ግን በትውልድ ቦታዬ ብቻ የተወሰነ አይደለም። ትራኮማ በዓለም ላይ በተላላፊ በሽታ ምክንያት ለሚመጣ ዓይነ ስውርነት ቀዳሚው መንስኤ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው 1.9 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በእርሱ ምክንያት ታውረዋል ወይም የማየት አቅማቸው ተጎድቷል። ከቀረው የዓለም የትራኮማ ሸክም ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን የተሸከመችው ደግሞ ኢትዮጵያ ናት። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ባክቴሪያው ክላሚዲያ ትራኮማቲስ ይባላል። ከሌሎች ብዙ ባክቴሪያዎች የሚለየው በሕይወት ካለ ሕዋስ ውጭ መራባት አለመቻሉ ነው። ከዓይን ወደ ዓይን ሲጓዝ ጠንካራ ሽፋን ያለው፣ የማይራባ፣ እጅግ ደቃቅ ቅንጣት ሆኖ ነው። የዓይን ቆብን ከውስጥ የሚሸፍነውን ስስ ቆዳ ሲያገኝ ወደ ሕዋሱ ይገባል፤ እዚያም ቅርጹን ለውጦ መከፋፈል ይጀምራል፤ ከሁለት እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ተባዝቶ ሕዋሱን ያፈነዳና በአጠገብ ያሉትን ሕዋሳት ይወርራል። ዓይን የሚቀላው፣ የሚያለቅሰውና ዓይናር የሚያዘው ሰውነት ይህን ወረራ ሲዋጋ ነው። ዓይናሩም በባክቴሪያ የተሞላ በመሆኑ ተሕዋሱ ወደ ውጭ የሚወጣበት ዋናው በር እርሱ ነው። ብዙ ሕፃናት ደግሞ ብዙም ሕመም ሳይሰማቸው ባክቴሪያውን ይዘው ይዞራሉ፤ ከአፍንጫቸው የሚወርደው ፈሳሽም ያንኑ ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላል።

ለዓይን የሚሆነው የዚህ ባክቴሪያ ዝርያ የሚኖረው በሰው ላይ ብቻ ነው። በከብት፣ በውሻ ወይም በዱር እንስሳ ተደብቆ ቆይቶ የሚመለስ አይደለም። ለእኔ ስለ ትራኮማ ከሚታወቀው ሁሉ ትልቁ ተስፋ ይህ ነው፤ ከሰው ወደ ሰው የሚሻገርበት መንገድ ከተዘጋ የሚሸሸግበት ሌላ ማደሪያ የለውም። ዋናው ማደሪያው ደግሞ ትምህርት ቤት ያልገቡ ሕፃናት ዓይን ነው። አዋቂ ሰው ቢያዝም በሽታው ቶሎ ይለቀዋል፤ በትንንሽ ልጆች ግን ሳምንታትና ወራት ይቆያል። ስለዚህ በአንድ መንደር ውስጥ ትራኮማ መኖሩን ለማወቅ የሚመረመሩት ከ1 እስከ 9 ዓመት ያሉ ልጆች ናቸው። ባለሙያው የላይኛውን የዓይን ቆብ በጣቱ ገልብጦ፣ በማጉያ መነጽርና በባትሪ ብርሃን ያያል። ጤናማ ቆብ ከውስጥ ሲታይ ለስላሳና ሮዝ መልክ ያለው ሲሆን ጥቃቅን የደም ሥሮቹም በግልጽ ይታያሉ። በቆቡ መካከለኛ ክፍል ከግማሽ ሚሊ ሜትር የማያንሱ 5 ወይም ከዚያ በላይ ነጣ ያሉ እብጠቶች ከታዩ ልጁ ንቁ ትራኮማ አለበት ይባላል።

አሁን ወደ መንገዱ እንምጣ። ተሕዋሱ ከሕፃኑ ፊት ተነሥቶ ወደ ሌላው ዓይን የሚሄደው በጣት፣ በጨርቅና በዝንብ ነው። እናት የልጇን ዓይናር በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች፤ ያንኑ ጫፍ በጭስ ያለቀሰ የራሷን ዓይን ለማበስ ትጠቀምበታለች። ሦስትና አራት ልጆች በአንድ ቁርበት ላይ፣ በአንድ ጋቢ ሥር ተቃቅፈው ያድራሉ። ታላቅ እኅት ታናሿን አዝላ ስትውል የሕፃኑ ፊት ከጀርባዋና ከአንገቷ አይለይም። ዝንቡም ፊት ላይ የሚያርፈው እርጥበትና ምግብ ፈልጎ ነው፤ ከአንዱ ልጅ ዓይን ጥግ ጠጥቶ ወደ ሌላው ይሻገራል። እነዚህ ሁሉ የፍቅርና የኑሮ ተግባራት እንጂ የቸልተኝነት ምልክቶች አይደሉም። በትራኮማ የተጎዱ ቤተሰቦችን «ቆሻሾች» እያሉ የሚናገሩ ሰዎች በጣም ያሳዝኑኛል፤ ውኃ ለመቅዳት ቁልቁል ወርዳ፣ 20 ሊትር ጀሪካን አዝላ አቀበት የምትወጣ ሴት፣ ያንን ውኃ ለመጠጥ፣ ለወጥ፣ ለሊጥና ለዕቃ ካከፋፈለች በኋላ ለፊት መታጠቢያ ምን ያህል እንደሚተርፋት የሚያውቅ ሰው እንዲህ አይናገርም።

ብዙ ሰው የማያውቀው፣ የመከላከሉ ሥራ በሙሉ ግን የተመሠረተበት አንድ ነጥብ አለ። ትራኮማ በአንድ ጊዜ መያዝ አያሳውርም። ልጁ አንዴ ቢያዝና ቢድን ዓይኑ ላይ የሚቀር ከባድ ጉዳት አይኖርም። ሰውነት በዚህ ባክቴሪያ ላይ የሚያዳብረው የመከላከል አቅም ደካማና ቶሎ የሚጠፋ ስለሆነ ያው ልጅ በሚቀጥለው ወር ይያዛል፤ ከዚያም እንደገና ይያዛል። ሰውነቱ በተያዘ ቁጥር በሚያደርገው ውጊያ የቆቡ ውስጠኛ ገጽ እየቆሰለ ይድናል፤ የዳነውም ቁስል ጠባሳ ይሆናል። ጠባሳ እየጠበበ የሚሄድ ነገር ነውና፣ ከዓመታት በኋላ የላይኛውን የዓይን ቆብ ጫፍ ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ ሽፋሽፍቱም ተቀልብሶ የዓይኑን ብሌን መፋቅ ይጀምራል። ሰው በደቂቃ 15 ጊዜ ያህል ዓይኑን ያርገበግባል። በእያንዳንዱ እርግብግቢት የተቀለበሰው ፀጉር ብሌኑን ሲፍቀው ይውላል፤ ብሌኑ ይቆስላል፤ ነጭ ይለብሳል፤ ብርሃኑም ይጠፋል። ጠባሳው በልጅነት ተጀምሮ ዓይነ ስውርነቱ የሚመጣው በ30ዎቹና በ40ዎቹ ዕድሜ ወይም ከዚያ በኋላ ነው። በመካከል ባሉት ዓመታት ማንም ሰው የልጅነቱን ዓይናር ከኋለኛው ጨለማ ጋር አያያይዘውም።

ሴቶች በትራኮማ ምክንያት የሚታወሩት ከወንዶች እስከ አራት እጥፍ ነው። ምክንያቱ በተፈጥሯቸው ደካማ መሆናቸው አይደለም፤ የባክቴሪያውን ማደሪያ፣ ማለትም ሕፃኑን፣ ቀንና ሌሊት የሚያቅፉት እነርሱ በመሆናቸው በልጅነት ከያዛቸው በኋላ እኅት ሆነው፣ እናት ሆነው፣ አያት ሆነው ደጋግመው ይያዛሉ። በአካባቢያችን የብዙ እናቶች ማተብ ላይ ከመስቀሉ ጋር ወረንጦ ታስሮ ይታያል። አንዲት የአባቴ እኅት ነበሩ፤ ማለዳ ፀሐይ ሲወጣ ደጃፍ ላይ ይቀመጡና ዓይኑ ደኅና የሆነ ልጅ ይጠራሉ። «ና እስኪ አንተ ልጅ፣ ይቺን እሾህ ንቀልልኝ» ይሉኛል፤ እኔም ጭንቅላታቸውን ወደ ብርሃን አዘንብለው ሲሰጡኝ የተቀለበሰውን ፀጉር በወረንጦው እየያዝሁ እነቅል ነበር። ፀጉሩ ሲነቀል ለጥቂት ሳምንታት ያርፋሉ። እንደገና ሲበቅል፣ በተለይም ከሥሩ ሳይነቀል ተሰብሮ ቀርቶ ከሆነ፣ አጭርና ጠንካራ ሆኖ ከበፊቱ የባሰ ይወጋቸዋል። ጤፍ ሲያበጥሩ፣ እሳት ሲያነዱ፣ በፀሐይ ገበያ ሲሄዱ ዓይናቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ነበር የሚውሉት። የዚያ ሕመም መነሻ እርሳቸው ገና ሕፃን ሳሉ የተጀመረ የባክቴሪያ ምልልስ መሆኑን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

መድኃኒቱን በተመለከተ ብዙ የሚያስደስት ነገር አለ። አዚትሮማይሲን የተባለው ጸረ ባክቴሪያ በዓመት አንድ ጊዜ በአንድ መጠን ብቻ ሲወሰድ ባክቴሪያውን ከዓይን ያጠፋዋል። ፋይዘር ኩባንያ ዚትሮማክስ በሚል ስም የሚያመርተውን ይህንን መድኃኒት ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለትራኮማ መከላከያ በነፃ ሲሰጥ ቆይቷል፤ እስካሁን የተሰጠውም ከ1 ቢሊዮን መጠን በላይ ነው። በዘመቻ ጊዜ ሚዛን ይዞ መዞር ስለማይመች መጠኑ የሚወሰነው በቁመት ነው፤ ልጁ ምልክት በተደረገበት ዘንግ አጠገብ ይቆምና ራሱ የደረሰበት ምልክት ስንት ክኒን ወይም ስንት ሚሊ ሊትር ሽሮፕ እንደሚገባው ይናገራል። አዋቂ ሰው 4 ባለ 250 ሚሊ ግራም ክኒኖች ይውጣል። ስድስት ወር ላልሞላቸው ሕፃናት የሚሰጠው የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ሲሆን በቀን ሁለት ጊዜ ለስድስት ሳምንት ይቀባል። እዚህ ላይ ለወላጆች አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ፤ እያለቀሰ ያለን ሕፃን አፍንጫውን ይዞ ወይም አንገቱን አጋድሞ መድኃኒት ማስዋጥ ትንታ አስከትሎ ሊገድል ይችላል። ሕፃኑ ቁጭ ወይም ቆም ብሎ፣ ለቅሶውን ትቶ፣ በፈቃዱ ይውሰድ፤ እምቢ ካለ ይታለፍ።

መድኃኒቱ ለሁሉም የሚታደልበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ይጠየቃል። «ዓይኔን አላመመኝም፤ ለምን እውጣለሁ?» የሚል ሰው በየመንደሩ አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ከተሕዋሱ ጠባይ ይገኛል። ባክቴሪያውን ይዘው ምልክት የማያሳዩ ሰዎች ስላሉ፣ የታመሙትን ብቻ መርጦ ማከም ያልታመመ የሚመስለውን ማደሪያ እንደነበረ መተው ይሆናል። አንዱ ቤት ውጦ ጎረቤቱ ካልዋጠ ደግሞ ባክቴሪያው ከጎረቤት ልጅ ተነሥቶ ይመለሳል። በዚህ ምክንያት ነው በአማራ ክልል ከ2008 ጀምሮ የወባና የትራኮማ ሳምንት እየተባለ በመላው ሕዝብ ላይ ዘመቻ ሲካሄድ የቆየው። ከዚያ በፊት የነበረው ሁኔታ ከባድ ነበር፤ በ2006 በወጣው ብሔራዊ የዓይን ጤና ጥናት መሠረት ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉ የኢትዮጵያ ልጆች መካከል 40 በመቶ ያህሉ ንቁ ትራኮማ ነበረባቸው፤ በአማራ ክልል ቁጥሩ ከ62 በመቶ በላይ ነበር።

ይሁን እንጂ መድኃኒት ብቻውን ምን ማድረግ እንደሚችልና ምን እንደማይችል በግልጽ ያሳየን በጉራጌ ዞን የተካሄደና በ2009 የታተመ ጥናት ነው። ጥናቱ በተካሄደባቸው መንደሮች ከሕክምናው በፊት ከሕፃናቱ መካከል 63 በመቶ ያህሉ ባክቴሪያውን በዓይናቸው ይዘው ነበር። በየስድስት ወሩ ለአራት ጊዜ ለመላው ነዋሪ መድኃኒቱ ከታደለ በኋላ ቁጥሩ ወደ 2.6 በመቶ ወረደ። ይህን ያነበበ ሰው ሥራው አለቀ ሊል ይችላል። እደላው ተቋርጦ 24 ወራት ሲያልፉ ግን ቁጥሩ ተመልሶ 25 በመቶ ደረሰ። ባክቴሪያው መድኃኒቱን ተላምዶ አልነበረም የተመለሰው፤ የሚጓዝበት መንገድ እንደ ቀድሞው ክፍት ስለነበረ፣ በጥቂት ሕፃናት ላይ የተረፈው ዘር በጣት፣ በጨርቅና በዝንብ እንደገና ተዛመተ። ስለ ተላላፊ በሽታዎች በሰፊው ከሚጻፈው ሁሉ ይህን አንድ ውጤት ደጋግሜ አስበዋለሁ፤ ተሕዋሱን መግደልና መንገዱን መዝጋት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ አንዱ በሌላው አይተካም።

መንገዱን መዝጋት የሚጀምረው ከሕፃኑ ፊት ነው። ዓይናርና የአፍንጫ ፈሳሽ የሌለበት ፊት ዝንብ አይጠራም፣ ጨርቅ አያስነካም፣ ጣት አይበክልም። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው ውኃ ብዙ ሰዎች ከሚገምቱት በእጅጉ ያነሰ ነው። ቀዳዳ ካላት ጣሳ ወይም ከክዳኑ ከተበሳ ጀሪካን እየተንጠባጠበ በሚወርድ ውኃ የሚታጠብ ልጅ ጥቂት እፍኝ ውኃ ይበቃዋል፤ አንድ ሊትር የቤቱን ልጆች ሁሉ ፊት አጥቦ ይተርፋል። ሳሙና ቢኖር ይመረጣል፤ ሳሙና ጠፋ ተብሎ ግን ፊት ሳይታጠብ መዋል የለበትም። ጥንቃቄ የሚያሻው የማድረቁ ጉዳይ ነው። ሁሉንም ልጅ በአንድ ፎጣ ወይም በአንድ ነጠላ ማበስ መታጠቡን ከንቱ ያደርገዋል፤ ለእያንዳንዱ የራሱ ጨርቅ ከሌለ ፊቱ በነፋስ ይድረቅ። ሌላው ጥንቃቄ ስለ ጊዜው ነው። ጠዋት ብቻ የታጠበ ልጅ እስከ እኩለ ቀን ፊቱ ተመልሶ ይቆሽሻል፤ ስለዚህ ፊት መታጠብ ከእጅ መታጠብ ጋር አብሮ ምግብ በቀረበ ቁጥር ቢደረግ ልማድ ሆኖ ይቀራል። ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ ራሱ ሊለምደው ይችላል፤ የሚያየውን የሚከተል ዕድሜ ላይ ነውና።

ስለ ዝንቡ የማውቀው ነገር ደግሞ ስለ ሽንት ቤት ያለኝን አስተሳሰብ ለውጦታል። በሕፃናት ዓይን ላይ የሚያርፈው ዋናው የዝንብ ዓይነት እንቁላሉን መጣል የሚመርጠው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ላይ ነው። በጉድጓድ ሽንት ቤት ውስጥ በደንብ አይራባም። ስለዚህ ሽንት ቤት ዝንብ ያበዛል የሚለው የብዙ ሰዎች ስጋት በዚህ ዝንብ ላይ አይሠራም፤ እውነቱ ተቃራኒው ነው። በጓሮና በጥሻ ሥር የሚቀረው፣ በተለይም «የሕፃን ነው፣ ምንም አይደለም» ተብሎ የሚተወው፣ በመንደሩ ልጆች ዓይን ላይ የሚያርፈው ዝንብ መፈልፈያ ነው። በጋምቢያ የተካሄደና በ2004 የታተመ ጥናት ይህን የዝንብ ድርሻ አሳይቷል፤ ጸረ ዝንብ መድኃኒት በተረጨባቸው መንደሮች ንቁ ትራኮማ ከግማሽ በላይ ቀንሷል። መድኃኒት ሁልጊዜ መርጨት ለአንድ ገበሬ መንደር የሚቻል ሥራ አይደለም፤ ጉድጓድ መቆፈርና የሕፃንንም ዓይነ ምድር እዚያ መጨመር ግን ይቻላል። ይኸው ጉድጓድ የተቅማጥ ተሕዋስያን ወደ ምንጭና ወደ ምግብ የሚሄዱበትን መንገድም አብሮ ይዘጋል።

የማምንበትን ነገር የሚፈትን ጥናትም ስላለ ልተወው አልፈልግም። በዋግ ኽምራ ዞን በተካሄደና በ2022 ውጤቱ በታተመ ሰፊ ጥናት፣ የተወሰኑ መንደሮች የውኃ ነጥብ ተሠርቶላቸው፣ ስለ ሽንት ቤትና ስለ ፊት መታጠብ ትምህርት ተሰጥቷቸው፣ ለሦስት ዓመታት ከሌሎች መንደሮች ጋር ሲነጻጸሩ በባክቴሪያው ሥርጭት ላይ ልዩነት አልታየም። አንዳንዶች ይህን ይዘው ንጽሕና ለትራኮማ አይጠቅምም ብለዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ ትራኮማን በአብዛኛው ያጠፉት ለባክቴሪያው የሚሆን መድኃኒት ከመገኘቱ አስቀድሞ ነበር። በ1805 በለንደን የተቋቋመው የሙርፊልድስ የዓይን ሆስፒታል የመጀመሪያ ዘመን ሥራ ከግብፅ ዘመቻ በተመለሱ ወታደሮች የተዛመተው የዓይን በሽታ ነበር፤ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወደ አሜሪካ የሚገቡ ስደተኞች በኤሊስ ደሴት የዓይን ቆባቸው እየተገለበጠ ይመረመሩ፣ ትራኮማ የተገኘባቸውም ይመለሱ ነበር። እነዚያ አገሮች ከበሽታው የተላቀቁት ውኃ ወደ ቤታቸው ሲገባ፣ ልጆች ተለያይተው መተኛት ሲጀምሩ፣ ልብስ በየሳምንቱ መታጠብ ሲችል ነው። ከዋግ ኽምራው ጥናት የምማረው ታዲያ ሌላ ነገር ነው፤ አንድ የውኃ ነጥብና የሦስት ዓመት ትምህርት ይህን ያህል የሠለጠነ የባክቴሪያ መንገድ ለመዝጋት አይበቃም። ፈተናውን ማቅለል ያለብን ለእናቲቱ ነው፤ ውኃው እደጇ እስካልደረሰ ድረስ ምክር ብቻውን ጀሪካኑን አያቀልላትም።

ጠባሳው አስቀድሞ ለያዛቸው ሰዎች ደግሞ መድኃኒቱም ሆነ መታጠቡ የተቀለበሰውን ሽፋሽፍት አይመልሰውም። ለእነርሱ የሚያስፈልገው ቀዶ ሕክምና ነው። ሥልጠና የወሰደ የጤና ባለሙያ በጤና ጣቢያ፣ ቆቡን ብቻ አደንዝዞ፣ የተጣመመውን ክፍል ቆርጦ ወደ ውጭ በማዞር ይሰፋዋል፤ ታካሚዋ በዚያው ቀን ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ብዙ እናቶች የሚፈሩት ዓይኔን ያወጡታል ብለው ነው፤ ቢላው ግን የሚነካው ቆቡን ብቻ መሆኑን ረጋ ብሎ የሚያስረዳቸው ሰው ሲያገኙ ብዙዎቹ ይስማማሉ። ከቆዳና ከውስጥ ሁለቱንም ሽፋን ከሚቆርጠው ስልት ይልቅ ከውስጥ በኩል ብቻ የሚቆርጠው ስልት የተሻለ መሆኑን በአማራ ክልል 1,000 ታካሚዎች የተሳተፉበትና በ2016 የታተመ ጥናት አሳይቷል፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ፀጉሩ ተመልሶ የተቀለበሰባቸው በመጀመሪያው ስልት 22 በመቶ፣ በሁለተኛው 13 በመቶ ገደማ ነበሩ። ጥቂት ፀጉሮች ብቻ የተቀለበሱባቸውና ቀዶ ሕክምናን የማይፈልጉ ሰዎች፣ ጫፉ በደንብ በሚገጥም ጥሩ ወረንጦ፣ በሚያይ ሰው እጅ፣ ከሥሩ እያስነቀሉ በክትትል መቆየት እንደሚችሉም እዚያው ክልል በ2011 የታተመ ሌላ ጥናት አመልክቷል። ይህ ለአክስቴ ዘመን ሴቶች ልማድ መጠነኛ ማረጋገጫ ነው፤ ፀጉሩ ሲበዛ ግን ከቀዶ ሕክምና የሚስተካከል የለም።

ቀዶ ሕክምናው፣ መድኃኒቱ፣ የፊት ንጽሕናውና የአካባቢው ማሻሻያ አንድ ላይ ሆነው የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው የትራኮማ መከላከያ ስልት አራት ክፍሎች ናቸው። አራቱንም አጣምረው የያዙ አገሮች ተሳክቶላቸዋል፤ ሞሮኮ በ2016፣ ከሰሃራ በታች ካሉ አገሮች የመጀመሪያዋ የሆነችው ጋና በ2018፣ ማላዊ በ2022 ትራኮማ የሕዝብ ጤና ችግር መሆኑ እንዳበቃ ተረጋግጦላቸዋል። መለኪያው ግልጽ ነው፤ በየወረዳው ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉ ልጆች ንቁ ትራኮማ ያለባቸው ከ5 በመቶ በታች መሆን አለባቸው፤ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆናቸው ደግሞ የጤና ሥርዓቱ የማያውቃቸው የተቀለበሰ ፀጉር ያለባቸው ሰዎች ከ1,000 ከ2 ማነስ አለባቸው። በዓለም ላይ ለትራኮማ በተጋለጠ አካባቢ የሚኖረው ሕዝብ በ2002 ከነበረበት 1.5 ቢሊዮን በ2024 ወደ 100 ሚሊዮን ገደማ ወርዷል። በእኛም አገር ብዙ ወረዳዎች ከመለኪያው በታች ወርደዋል፤ ግጭትና መፈናቀል ዘመቻውን ባቋረጠባቸው አካባቢዎች ግን ተሕዋሱ እንደ ጉራጌው ጥናት ሊመለስ እንደሚችል መታሰብ አለበት።

ይህን የሚያነብ ሰው ከተማ ውስጥ ወይም ውጭ አገር ተቀምጦ ገጠር ላለ ቤተሰቡ ማድረግ የሚችለው ነገር አለ። ወደ ቤተሰቡ ሲደውል «ዓይንሽ እንዴት ነው?» ብሎ እናቱን ይጠይቅ፤ ብርሃን የሚያስጨንቃት፣ ሁልጊዜ የሚያለቅስ፣ እሾህ እንዳለበት የሚወጋ ዓይን ካለባት በአቅራቢያዋ ባለ ጤና ጣቢያ የዓይን ቆቧ ተገልብጦ ይታይላት። ገንዘብ ሲልክ ለሳሙና፣ ለውኃ ማጠራቀሚያና ለሽንት ቤት ጉድጓድ የሚሆን ይጨምርበት። የመድኃኒት እደላ ሲመጣ ቤተሰቡ በሙሉ፣ ያላመመውም ጭምር፣ እንዲወስድ ያሳስብ። ቀዶ ሕክምና የተደረገላትም እናት ብትሆን ፀጉሩ ተመልሶ ሊቀለበስ ስለሚችል በስድስተኛው ወርና በዓመቱ ተመልሳ ትታይ።